ሁለተኛው ጥይት

እኔ ልጅ ሳለሁ የሰማኋቸው ተረቶች ሁሉ ከብረት ይጀምሩ ነበር። ሌሎቹ የአራዳ ልጆች ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ ሲሰሙ እኛ አምስታችን፣ እኔ፣ ሁለቱ የአክስቴ ልጆችና የጎረቤታችን መንትዮች፣ አመሻሽ ላይ ወናፉ ሲያርፍ አባባ በምንላቸው በእናቴ አባት በባሻ ቢተው ሥራ ቤት ፍሙን ከበን ተቀምጠን የሽጉጥ ታሪክ እንሰማ ነበር። ያኔ ባቡሩ አዲስ አበባ አልደረሰም። ቤታችን ከጊዮርጊስ ወደ ገበያው ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር፤ ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሣር የለበሰ፣ ዝናብ ሲመጣ በየትኛው በኩል እንደሚያፈስ የማይታወቅ ቤት።

አባባ የድሮ ሽጉጥ ያድሱ ነበር። አዲስ ጠመንጃ ይዞ የመጣውን ሰው ሌላ ቤት ሂድ ይሉታል። ወደ እሳቸው የሚመጣው አባት ለልጁ ያወረሰው፣ አንዱ ከሌላው የማረከው፣ ከዚያም በየእጁ ሲዞር የተበላሸ የጦር ሽጉጥ ነው። ከጋቢ ስር እንዲደበቅ ተብሎ አፈሙዙ የተቆረጠ ይመጣል፤ የተሰረቀበት ሰው እንዳያውቀው ቁጥሩ በሞረድ የተፋቀ ይመጣል፤ የራሱ ጥይት ከገበያ ሲጠፋ ለሌላ ጥይት ተብሎ ውስጡ የተቦረቦረም ይመጣል። አባባ አገላብጠው ያዩና መጀመሪያ ዋጋውን ይናገራሉ፤ ከዚያ መዳን የሚችለውን ያድናሉ። ዋጋ ሲናገሩ ብር አይጠሩም። «ሳይነካ ቢቆይ ኖሮ አንዲት በቅሎ ከነኮርቻዋ ያወጣ ነበር፤ አሁን ልጓሟንም አያወጣ» ይላሉ፤ የባለቤቱ ፊት ይጠቁራል፤ እሳቸው ግን ለሰው ፊት ብለው ቃላቸውን አይለውጡም ነበር።

ተረቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኩራዙን ወደ ብረቱ አስጠግተው የእያንዳንዳችንን ጣት በተራ እየያዙ ሞረድ ያለፈበት ቦታ ላይ ያስኬዱታል።

«እዚህ ጋ ምን አለ፣ ጥሩዬ?»

«ሸካራ ነው አባባ» እላለሁ።

«ሸካራስ ሸካራ ነው። ሰውየው ቸኩሎ ነበር። ለምን ቸኮለ?»

ይሄኔ ትንፋሻችንን እንይዛለን። ሰውየው የቸኮለው ለአጎቱ ግብዣ ነው፤ አፈሙዙን ያሳጠረው ከማዕዱ ስር እንዲሾልክለት ነው፤ አጎቱ ገና ሁለተኛ ጉርሻ ሳይሰጡት… እንዲህ እያሉ ይቀጥላሉ። በአባባ ተረት ውስጥ በሰላም ቤቱ የሚገባ ሰው አልነበረም። የከሰሉ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ፊታችን ከፊት እየጋለ ጀርባችን ከኋላ እየበረደው፣ ሰው በሞተ ቁጥር እንስቅ ነበር።

ከሁሉ የምንወደው ስለተቀጠለ አፈሙዝ የሚነግሩንን ነበር። አባባ የተቆረጠ አፈሙዝ በፍጹም አይቀጥሉም፤ ወይ ከሌላ ሽጉጥ ሙሉውን አውልቀው ይገጥሙለታል፣ ወይ እንዳጠረ ይመልሱታል። «ከላይ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል» ይሉናል። «ውስጡን ግን ማን ያየዋል? ያጣበቁበት ናስ ቀልጦ ከውስጥ ከንፈር ይሠራል። የመጀመሪያው ጥይት ሄዶ እዚያ ከንፈር ላይ ይተኛል፤ ድምፁ እንደ ሽማግሌ ሳል ነው። ተኳሹ ባሩዱ ረጥቧል ብሎ ይደግማል። ሁለተኛው ጥይት ሲመጣ መንገድ ተዘግቶበታል። ታዲያ ወዴት ይሂድ?»

«ወደ ሰውየው!» ብለን አምስታችንም አንድ ላይ እንጮሃለን።

ልጅ ዘውዴ የመጣው በአንድ ቅዳሜ ጧት ነው። አባቱ በቅርቡ የሞቱበት፣ ዕድሜው ገና ሃያ አምስት ያልሞላ የባላባት ልጅ ነበር፤ የአባቱን ሹመት ለማግኘት ደጅ ይጠናል። ለሚሾሙት ጌታ እጅ መንሻ ሊያቀርብ ያሰበው የአባቱን ሽጉጥ ነበር። ሽማግሌው በወጣትነታቸው ከአንድ የግብጽ ጦር መኮንን ወገብ በገዛ እጃቸው ማረኩት የተባለ ስድስት ጎራሽ ነው፤ ርስታቸውም ስማቸውም የመጣው በዚያ ሽጉጥ ነው ይባል ነበር። በስተርጅና ከበዳቸውና አፈሙዙን አስቆረጡት።

ሽጉጡን በቀይ ጨርቅ ጠቅልሎ የያዘው ድንቁ ነበር። ድንቁ የልጅ ዘውዴ ጋሻ ጃግሬ ነው፤ ጌታው በሄደበት ሁሉ መሣሪያ ተሸክሞ ይከተላል። ወደ ሠላሳ የሚጠጋ፣ ግዙፍ፣ ሰው ሲያየው አንገቱን የሚሰብር ሰው ነበር። በራችን ላይ ተሰብስበን ስንመለከት ከወገቡ የሻጠውን ጥንቅሽ አውጥቶ ሰበረና ለአምስታችን አደለን፤ ለእኔ የደረሰኝ ከስሩ ያለው ጣፋጩ ነበር።

አባባ ሽጉጡን ተቀብለው በዘይት ጨርቅ አሹት፤ ከፈቱት፤ ወደ ብርሃን አውጥተው የእጀታውን ስር ረጅም ጊዜ አዩት። የልጅ ዘውዴ አሽከሮች ከበው ቆመዋል፤ መንገደኛውም ቆሟል።

«ጌታዬ፣ ጥሩ ሽጉጥ ነው» አሉ አባባ። «የመኮንን ግን አይደለም። የመኮንን ቢሆን የጦሩ ማኅተም እዚህ ጋ ተመትቶ ይወጣ ነበር። ይሄ ማኅተም የሚመስለው በኋላ በእጅ የተጫረ ነው። ሽጉጡ በዘይላ ወደብ በኩል ለነጋዴ የመጣ ነው። የተገዛ ነው።»

ከአሽከሮቹ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። አባባ የተናገሩትን ልጅ ዘውዴ ምናልባት ብቻውን ቢሰማው ኖሮ ይውጠው ነበር፤ የአሽከሩን ሳቅ ግን ሊውጠው አልቻለም።

«ቡዳ!» አለ። «የሞተ አባቴን ልትበላ ነው? አንተ ቀጥቃጭ! ያዙት!»

ያኔ ብረት ቀጥቅጦ የሚያድር ሰው ሁሉ ቡዳ ይባል ነበር፤ አባባም ይህን ስም ከኋላቸው ሲንሾካሾኩት እየሰሙ የኖሩ ናቸው። በፊታቸው ግን ያለው አልነበረም። አሽከሮቹ ጥላሸት አፍሰው ፊታቸውን ቀቡት። አንገታቸው ላይ የጭነት ገመድ አደረጉ፤ ጫፉን ለድንቁ አስያዙት። ሞረዱንም መዶሻውንም ውጭ ጭቃ ላይ ወረወሩት። ልጅ ዘውዴ «ዛሬ ገበያ ነው። ቡዳ የሚገዛ ይገኝ እንደሆነ እንይ» አለና ወደ ገበያው መራ።

እናቴ ልትይዘኝ ስትል ከእጇ አመልጬ ተከተልኩ። ባልከተል ይሻለኝ ነበር። የአራዳ ሰው አፉ ፈጣን ነው፤ ቀልድ ካገኘ ዘመድ አይመርጥም። «ስንት ዓመቱ ነው?» አለ ጨው ሻጩ። «ጥርሱን ክፈቱልንና እንየው!» አለ ሌላው፤ እውነትም እንደ በቅሎ አፋቸውን ፈልቅቀው አዩ። «ይራገጣል?» «ሌሊት ጅብ ሆኖ ማን ሊጠብቀው ነው?» ከነዚህ መካከል አባባ ሽጉጣቸውን ያደሱላቸው ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻ አንድ ኮርቻ ሰፊ፣ በየሳምንቱ እኛ ቤት እየመጣ የሚጫወት ሰው፣ የአባባን ድምፅ አስመስሎ «ሳይነካ ቢቆይ ኖሮ አንዲት በቅሎ ያወጣ ነበር፤ አሁን ልጓሟንም አያወጣ!» አለ። ገበያው በሳቅ ተናጋ። ልጅ ዘውዴም ከሁሉ አብልጦ ሳቀ። አባባ ወደ መሬት እያዩ ነበር፤ ከአፋቸው ምራቅ ከጥላሸቱ ጋር ተቀላቅሎ ጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር።

ድንቁ ገመዱን አላከረረውም። ይህን አይቻለሁ። ከገበያ ሲመለሱ ደጃችን ላይ ከአንገታቸው አወለቀላቸው፤ በነጠላው ጫፍ ፊታቸውን ጠረገላቸው፤ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሞረዱንና መዶሻውን እየለቀመ አመጣላቸው።

«ይቅር ይበሉኝ ባሻ» አላቸው በቀስታ። «ታዝዤ ነው።»

አባባ ሞረዱን ተቀብለው በልብሳቸው ጠረጉት።

ልጅ ዘውዴ በቅሎው ላይ ሆኖ «አፈሙዙን ቀጥል። ማኅተሙንም አሳምረው። ለሚካኤል እመጣለሁ» አለ።

«እሺ ጌታዬ» አሉ አባባ።

ከዚያ በኋላ እስከ ሚካኤል ድረስ ተረት አልነበረም። በሩን ዘግተው ይሠሩ ነበር። የወናፉን ትንፋሽ፣ የሞረዱን ፉጨት፣ አንዳንዴም ረጅም ዝምታ እንሰማለን። እናቴ ምግብ ስታስገባ ሳህኑ እንደሄደ ይመለስ ነበር። የሚካኤል ዋዜማ ገና ሳይመሽ እሳቸው ራሳቸው በሩን ከፍተው ጠሩን። ፍሙ ቀይ ነበር፤ ኩራዙም በርቷል። ሽጉጡን ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ከእጃቸው ወጥቶ አይቼ አላውቅም። ብረቱ በሙሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ሆኗል፤ በብርሃን ሲያዞሩት እንደ ቁራ ላባ ሰማያዊ ይላል። ማኅተሙ ከትናንት ወዲያ ተመታ እንዳይባል ጠርዙ እንኳ አርጅቷል። ጣቶቻችንን በተራ አስኬዱ።

«የት ጋ ነው የተቀጠለው?»

ማናችንም አላገኘነውም። ይሄኔ ተረቱን ጀመሩ። አንድ የባላባት ልጅ ነበረ፤ ሽማግሌ ሰው አዋረደ፤ ከሽማግሌው ሽጉጥ ተቀበለ። ደጅ ላይ ቆሞ ተኮሰ፤ ሽጉጡ አሳለ። ባሩዱ ረጥቧል አለ። እንደገና ሊተኩስ ምላጩን ሳበ። «ታዲያ ወዴት ሄደ?»

«ወደ ሰውየው!»

አባባ ሳቁ። ከገበያው ቀን ወዲህ ሲስቁ ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነበር። ከዚያ ሳቃቸውን ሰበሰቡና አንድ በአንድ አዩን። «ይሄ ተረት ነው» አሉ። «ተረት ደግሞ ከዚህ ደጅ አይወጣም። ሰማችሁ?» ሰምተናል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ግን ገብቶኛል፤ ለአምስታችንም ገብቶናል። ያን ዕለት ማታ ደስ ብሎን፣ የሚካኤልን ጧት እንደ ጥምቀት እየጠበቅን ተኛን።

ልጅ ዘውዴ ረፋድ ላይ አዲስ ነጭ ሱሪና አዲስ ኩታ ለብሶ መጣ፤ ከእኛ ቤት በቀጥታ ወደ ጌታው ግቢ ሊሄድ ነው። ሽጉጡን አገላብጦ አየ፤ ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰ፤ ጥርሱ ታየ። «አሁን የተማረከ ነው ወይስ የተገዛ?» አላቸው።

«የተማረከ ነው ጌታዬ።»

አሽከሮቹ በሙሉ ሳቁ። «ለጌታ የሚቀርብ ነገር ሳይሞከር አይቀርብም» አለ ልጅ ዘውዴ። ከጓሮው አጥር ላይ አሮጌ ቅል ተሰቅሎ ነበር፤ እሱን ዒላማ አደረጉ። ጥይት አጎረሰና ክንዱን ዘረጋ። እኛ አምስታችን የእንጨት ክምር ላይ ወጥተን ተደርድረናል፤ ከመንትዮቹ አንዱ ክንዴን ቆንጥጦ ይዞኛል። እንዲፈጥን እጸልይ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ማርያምን በስሟ እየጠራሁ ነበር የምጸልየው።

ልጅ ዘውዴ ክንዱን አወረደ። መዳፉን አየው። «ዘይት ነው» አለ። «ልብሴን ሊያበላሽብኝ ነው። ድንቁ! ና፣ አንተ ተኩሰው።»

ድንቁ መጥቶ ተቀበለ።

አባባን አየኋቸው። ከበሩ መቃን አጠገብ ቆመዋል፤ አንድ እጃቸው መቃኑን ይዟል። ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ድንቁ አነጣጥሮ ተኮሰ። ሽጉጡ አሳለ። ልክ እንደተነገረን፣ እንደ ሽማግሌ ሳል ያለ ድምፅ ነበር፤ ቅሉ ንቅንቅ አላለም። አሽከሮቹ ሳቁ። ልጅ ዘውዴም «ባሩዱ ረጥቧል» አለ፤ ቃል በቃል እንዲሁ አለ። «ድገመው!»

ድንቁ ግን ወዲያው አልደገመም። ሽጉጡን አየት አደረገና ወደ አባባ ዞረ። ብዙ ዓመት መሣሪያ የተሸከመ ሰው ነው፤ አንድ ነገር ሳይከነክነው አልቀረም።

«ባሻ፣ ልድገመው?»

የመንትያው ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገብቷል። አፌ ተከፍቷል፤ መናገር እችል ነበር፤ «ተው» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ከእንጨቱ ክምር እስከ ድንቁ አሥር እርምጃ አይሞላም። አባባ የበሩን መቃን ለቀቁት።

«የታዘዝከውን አድርግ» አሉት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ አልጽፈውም። ድምፁ ሳል አልነበረም። ጭሱ ሲገፈፍ ድንቁ ተንበርክኮ የቀኝ እጁን ይፈልግ ነበር፤ ከእጁ የቀረው አውራ ጣቱና አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፤ በቀኝ ዓይኑም ደም ይወርድ ነበር። አልጮኸም፤ የጮኸው ቆይቶ ነው። ልጅ ዘውዴ መጀመሪያ ያየው ልብሱን ነበር፤ ደም ነክቶት እንደሆነ ከላይ እስከ ታች አየ። ቀጥሎ አባባን አየ።

«ራስዎ ብለዋል ጌታዬ» አሉት አባባ ዝግ ብለው። «ባሩዱ ረጥቧል። ጥይቱ የራስዎ ነው።»

ይህን ሁሉም ሰምቶታል። ልጅ ዘውዴ አማተበና በቅሎው ላይ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ መንገድ አልፎ አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሰው አባባን በፊታቸው ቡዳ አላላቸውም፤ በልቡ ግን አራዳ በሙሉ አመነ። ጨው ሻጩ ሲያያቸው ይነሳል። ኮርቻ ሰፊው መንገድ ይቀይራል። አባባም ደስ ብሏቸው እንደነበር አውቃለሁ፤ ቀና ብለው መሄድ የጀመሩት ያኔ ነው። ድንቁን ጌታው አሰናበተው፤ መሣሪያ መያዝ የማይችል ጋሻ ጃግሬ ምን ይሠራለታል? አባባ ተረት መንገራቸውን አልተዉም፤ እኛም መስማታችንን አልተውንም። የዚያን ሽጉጥ ነገር ግን ማንም አላነሳውም።

ጣሊያን ሊመጣ ነው በተባለበት ዓመት እኔ ባለትዳርና የልጆች እናት ነበርኩ፤ አባባም ካረፉ ቆይተዋል። አራዳ በሙሉ የዛገ ጠመንጃና የተቆረጠ ሽጉጥ ተሸክሞ ወደየቀጥቃጩ ይሮጥ ነበር። ድንቁ በጊዮርጊስ ደጅ ከየኔ ቢጤዎች ጋር ተቀምጦ እንደሚለምን ዓመታት ሙሉ አውቃለሁ፤ በዚያ በር ላለመግባት ዞሬ በሌላኛው እገባ ነበር። ያን ዓመት ግን ሁሉም ሞት ሞት ይል ስለነበር፣ ይህን ምስጢር ይዤ ልሞት ነው ብዬ ፈራሁ። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ የማን የልጅ ልጅ እንደሆንኩ ነገርኩት።

«የባሻ የልጅ ልጅ!» አለ፤ ፊቱ በራ። «አይ ባሻ! እግዜር ነፍሳቸውን ይማር። በእሳቸው አንገት ገመድ ይዤ ነበርኮ። ያቺን እጄን እግዜር ወሰዳት፤ ፈረደብኝ። ምንም አላልኩም፤ ደግ አደረገ።»

«ጋሼ ድንቁ» አልኩት፣ «እግዜር አይደለም። አባባ ያውቁ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ የናሱን ከንፈር፣ የዋዜማውን ተረት፣ ጩኸታችንን።

በአንድ ዓይኑ የሚያየው እኔን አልነበረም።

«ስንት ልጆች ነበራችሁ?»

«አምስት።»

«አምስታችሁም ታውቁ ነበር?»

«እናውቅ ነበር።»

«ልድገመው ብዬ ስጠይቃቸውስ?»

«ያውቁ ነበር።»

አንገቱን ነቀነቀ። ቆይቶ፣ ሳይቆጣ፣ እንደ ደከመው ሰው እንዲህ አለኝ፦ «ሃያ ዓመት የእግዜር ነው ብዬ ችዬው ኖርኩ። ምን በድዬሽ ነው ልጄ፣ ዛሬ የሰው ያደረግሽብኝ?»

የያዝኩትን ዳቦ አጠገቡ አስቀመጥኩ፤ አልነካውም። በሳምንቱ ስሄድ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር። ወዴት ሄደ ብዬ አልጠየቅሁም።

ዛሬ አርጅቼ ስለ እነዚያ ምሽቶች ሳስብ፣ የፍሙ ሙቀትና የአባባ ድምፅ አሁንም ደስ ይሉኛል፤ ይህን መካድ አልችልም። ሰው ክፉ የሚሆነው በክፉ ቀን ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኛ ግን ክፋትን የተማርነው በደስታ፣ ተቃቅፈን ተቀምጠን፣ ከምንወደው ሰው አፍ ነበር። ስለ ገበያውም ስለ ሽጉጡም ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ። ለሳቸውም ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ፦ ያን ቀን ድንቁን እዚያ ደጅ ላይ ትቼ ወደ ቤቴ ስመለስ ልቤ ቀሎኝ ነበር፤ ምሳዬንም ጥግብ ብዬ በላሁ።